የሌለ ስብ የቆጠረው ሊቅ

የላቦራቶሪው ባለሙያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በናሙና ማቀዝቀዣው ክፍል ሞታ ተገኘች። የናይትሮጅን ጋዝ ተለቆ አየሩን ጨርሶታል፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል።

መርማሪዋ ስትደርስ አለቃው፣ ሁሉም «ሊቁ» የሚለው፣ ከሬሳው ይልቅ ለስሙ ተጨንቆ ነበር። ከጡት ተነስቶ ጉበት የደረሰ ካንሰር በስብ እንደሚደልብ፣ የእሱ እንክብል ግን ስቡን ነስቶ እንደሚያስርበው ሲለፍፍ ዓመታት አልፈዋል። ባዶ ጣሳ ብዙ ይጮኻል።

ኮሪደሩ ላይ የሟች ታላቅ እህት ታለቅሳለች። ካንሰሩ ጉበቷ ደርሷል፤ የሆስፒታሉን ሕክምና ትታ እንክብሉን ለመጀመር ልትፈርም ነበር የመጣችው።

መርማሪዋ ወደ ሊቁና ናሙና ወደሚቆርጠው ሠራተኛ ዞረች። «የዚያ ክፍል ቁልፍ ያላችሁ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የት ነበራችሁ?»

«ታች ኬሚካል ስረከብ ነበር» አለ ናሙና ቆራጩ።

ሊቁ ፈገግ አለ። «እኔማ ሥራ ላይ! ይህን የጉበት ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሳይ ነበር። መቶ አሥራ ሁለት ቀይ የስብ ጠብታ ቆጥሬያለሁ።»

መርማሪዋ ስላይዱን ይዛ ቆራጩን ለብቻው ጠየቀችው። «ይሄ እንዴት ተሠራ?»

«በአልኮል ታጥቦ፣ በሰም ተደፍኖ ነው የተቆረጠው።»

«ናሙናን በበረዶ አጠንክሮ የሚቆርጠው ማሽንስ?»

«ከተበላሸ ወር አልፎታል። ሟች ለሊቁ ስትነግረው አልሰማትም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ኬሚካሉን ያመጣው ሹፌር፣ ቆራጩ ሰዓቱን ሙሉ አብሮት እንደነበር መስክሯል። እርስዎ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው ያሉኝ። አልኮል ስብን አጥቦ ይወስዳል፤ በሰም በተሠራ ስላይድ ላይ የሚቀረው ባዶ ቀዳዳ ነው። ስብ የሚታየው በበረዶ ጠንክሮ በተቆረጠ ናሙና ላይ ነው፤ ማሽኑም ተበላሽቷል። እርስዎ ስላይዱን አላዩትም። በዚያች ሰዓት የማቀዝቀዣውን ክፍል በር ሲቆልፉባት ነበር። የምርምርዎ ቁጥሮችም እንዲሁ ከአየር የተፈጠሩ ናቸው፤ ሟች ደርሳበት ነበር።»

«አንዲት ተራ ሠራተኛ የዕድሜ ልክ ሥራዬን ልታፈርስ?» አለ ሊቁ። ከራሱ በላይ የሚያሳዝነው ሰው አልነበረም። ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት።

«ሟች እንደደረሰችበት ግን ማን ነገረው?» አለች መርማሪዋ።

እህትየው ቀስ ብላ ተነሳች።

«ጠዋት ደውላ ‹አትፈርሚ፣ ውሸት ነው› አለችኝ። ተስፋዬን ልትነሳኝ መስሎኝ ሰደብኳት። ከዚያ ሄጄ ለእሱ ነገርኩት፤ እንዲቆጣልኝ ብዬ።»