ሦስተኛው ፊውዝ

አዛውንቱ መካኒክ ወፍጮው ሥር በጎናቸው ወድቀው ተገኙ። ቀኝ እጃቸው ወደተከፈተው የሞተር ሳጥን እንደተዘረጋ ቀርቷል። ሰፈሩ «ጆሮው» ይላቸው ነበር፤ የሞተርን ሕመም በማዳመጥ ብቻ ስለሚለዩ። ሠላሳ ዓመት ከኤሌክትሪክ ጋር ሲታገሉ ኖረው አንድ ጠዋት ጣላቸው። ወይ ጉድ! ሰው እኮ በሚያውቀው ነው የሚሞተው።

መርማሪዋ የደረሰችው ረፋድ ላይ ነው። ጉልበቷ የሚያማት፣ ምላሷ ግን ጤነኛ የሆነ ሴት ናት።

«መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የሟች ታናሽ ወንድም። «ገዳዩንም ልንገርዎት፤ የልጃቸው ባል ነው! ማብሪያውን ይዩት፣ እጀታው ወደ ላይ ተነሥቷል። ወንድም ጋሼ እጃቸውን ከተው ሲሠሩ ከኋላቸው አበራባቸው።»

«ምን በደሉት?»

«ስድስት ወር ተኳርፈዋል። ይሄ ወፍጮ የሚሠራው በሁለት የኤሌክትሪክ መስመር፣ በሁለት ፌዝ ብቻ ነበር፤ በሦስተኛው ፈንታ ኮንዴንሰር የሚሉትን መደገፊያ አስረንለት እንደ ሽማግሌ በምርኩዝ ነው የኖረው። አማቻቸው የመብራት መስመር ሠራተኛ ነው። ሦስተኛዋን መስመር ቶሎ አስገባልኝ ቢሉት፣ ‹ተራዎን ይጠብቁ› አላቸው። አማቱን!»

አማችየው ደጅ ላይ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆሟል። እጁ በካቴና ታስሯል። ሚስቱ፣ የሟች ልጅ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ታየዋለች። ጠዋት አባቷን ያጣች ልጅ ቀትር ሳይሆን ባሏንም ልታጣ ነው፤ ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች ጎንበስ አለችና የሟችን ኪስ ፈተሸች። ሁለት የሸክላ ፊውዞች አወጣች።

«ይሄስ?»

«ልማዳቸው ነው» አለ ወንድምየው። «ሊሠሩ ሲሉ ፊውዞቹን ነቅለው ኪሳቸው ይከታሉ። ማንም ተሳስቶ እንዳይመልስባቸው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ሁለቱም ፊውዝ ኪሳቸው ውስጥ ካለ፣ እጀታውን ማንም ቢያነሣው ምን ያመጣል?»

ወንድምየው እጀታውን መልሶ አየው። «እኔ እንጃ፤ እኔ የማውቀው እህል መፍጨት ነው።»

መርማሪዋ ወደ ፊውዝ ሰሌዳው ሄደች። ወፍጮ ቤት ነውና ዱቄት ያልነካው ነገር የለም፤ ሰሌዳውም ወፍራም ዱቄት ለብሷል። መሐሉ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ቦታ ከሌላው ጸድቶ ይታያል። በአራቱ ማዕዘን የፕላስተር ቁራጮች ቀርተዋል። አፍንጫዋን አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ደጅ ወጣች።

«አንተ፣ ሦስተኛው መስመር ገብቷል እንዴ?»

«ትላንት ከሰዓት አስገባሁት» አለ አማችየው። «ተራው ደረሰ። የድሮው ሰሌዳ ቦታ የለውም፤ ሦስተኛውን ፊውዝ ከበሩ ኋላ በአዲስ ሳጥን አደረግኩት። ኮንዴንሰሩን ፈታሁት፣ ግን ከቦታው አላነሣሁትም።»

«ለአማትህ ነገርካቸው?»

«የለም።»

«ማስጠንቀቂያስ?»

«አልለጠፍኩም። ረሳሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ውሰዱኝና ይብቃ!»

እስር ቤት የሚቸኩል ሰው አይታ አታውቅም። ወደ ሚስቱ ዞር አለች።

«ሙያሽ ምንድን ነው፣ የኔ እህት?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች በደከመ ድምፅ። አንገቷ ላይ በክር የታሰረ ትንሽ መቀስ ተንጠልጥሏል።

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀቻትም። የሟች ቤት ከወፍጮው ጀርባ ነው፤ ከሚስታቸው ጋር ጥቂት ተቀምጣ ተመለሰች። ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ቃሬዛ ላይ ካሳረፈው በኋላ ሁሉንም ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እጀታውን ያነሡት ሟች ራሳቸው ናቸው» ብላ ጀመረች። «እናቴ፣ ባለቤትዎ ፊውዝ ከነቀሉ በኋላ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ያበራና ያዳምጣል» አሉ እናት። «ዝም ካለ ‹ጭጭ ብሏል› ብሎ ይከፍተዋል።»

«ዛሬም አዳመጡ፤ ጭጭ አለ። ሞተር በሁለት ፌዝ ከቆመበት መነሣት ቢያቅተው እንኳ ያጉረመርማል። አንድ ብቻ ሲደርሰው ግን ድምፅ የለውም፤ ኤሌክትሪኩ ሽቦው ላይ አድፍጦ የሚነካውን ይጠብቃል። ጆሯቸው አልተሳሳተም። ሠላሳ ዓመት ሁለት ሲነቅሉ ሁሉም ይሞት ነበር፤ ሦስተኛው ሽቦ የኮንዴንሰሩ ነዋ! አሁን የእውነት መስመር መሆኑን ማን ነገራቸው?»

«እሱ!» አለ ወንድምየው ወደ አማችየው እየጠቆመ። «እሱ ነበር መንገር ያለበት!»

«ነግሯል። ሰሌዳው ላይ ወረቀት ለጥፎ ነበር፤ ሊለጥፍ ዱቄቱን የጠረገው ቦታ ጸድቶ ቀረ። ያነሣው ሰው ደግሞ አልቀደደውም። ፕላስተሩን በአራቱም ማዕዘን በመቀስ፣ ቀጥ አድርጎ ቆርጦታል። ክፉ ያሰበ ሰው ቦጭቆ ይሄዳል። እንዲህ የሚጠነቀቅ ወረቀቱን ሊመልሰው ያሰበ ነው።»

«አልለጠፍኩም አልኩ እኮ!» ብሎ አማችየው ጮኸ።

«አንተማ ጠዋት እዚህ ስትገባ ማዕዘኖቹን አየህ። የማን መቀስ እንደሆነም ገባህ።»

ልጅቷ ከቀሚሷ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ‹ሦስት ፌዝ ገብቷል፤ ከበሩ ኋላ ያለውን ሳትነቅሉ ሞተሩን እንዳትነኩ› ይላል።

«አባዬን ቅዳሜ ይዤው ልመጣ ነበር» አለች። «ትላንት እኮ አሞት ከአልጋ አልተነሣም ነበር! አጎቴንም ስለ መስመሩ አፍህን ዝጋ ብዬ አስማልኩት። ባሌ ሞተሩን ሊያስነሣለት፣ አባዬም ሰምቶ ሊስቅ፣ ሁለቱ ሊታረቁ… ወረቀቱ ቀድሞ እንዳይነግርብኝ ብዬ ነው ያነሣሁት። ምን እንደሚከለክል መች ገባኝ!»

«ታዲያ ዛሬ ዓርብ ምን አመጣቸው?» አለ ወንድምየው። ድምፁ ተሰብሯል።

እናት መለሱ። «ትላንት ስትፈጩ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። ‹የወፍጮው ድምፅ ተለወጠ፤ የሆነ ነገር ይዞታል› አለኝ። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ሲነጋ እምቢ ብሎኝ ወጣ።»

ሞተሩ መዳኑ ነበር። እሳቸው ግን ጤናማ ድምፁን ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም ነበር።

«አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ?» አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ ወረቀቱን ከልጅቷ ተቀበለች። «አስቦ የገደለ የለም፤ የምጽፈው ይህንን ነው» አለችና ለፖሊሶቹ «እጁን ፍቱለት» አለቻቸው።

እናት ተነሡ። የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ስሚኝ ልጄ። ዛሬ አንድ ቀብር ይበቃኛል። በቁሜ ሁለተኛ መቃብር አታስቆፍሪኝ።»

ልጅቷ እናቷ ትከሻ ላይ ወደቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣላት እንባ መጣ። እናት እሷን እንደደገፉ ቀና ብለው አማቻቸውን አዩት። ካቴናው የነበረበትን እጁን እያሸ በሩ ላይ ቆሟል፤ መግባትም መውጣትም አቅቶታል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉት። «እኔ ወንድ ልጅ አልወለድኩም። ና፣ አባትህን አንሣ።»

አማችየው ገብቶ ቃሬዛውን ከራስጌ ያዘ። የከሰሰው አጎት ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ከግርጌ ያዘለት፤ እኩል አነሡት።