የደፉ ድንጋይ

ሟቹ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቧል፤ ጫማው ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ፊቱን ላላስተዋለ፣ አንድ ሰው እሹሩሩ ብሎ ያስተኛው ይመስላል።

መርማሪዋ ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት። ኩባያም ብርጭቆም የለም። የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሰላም ሲሏት እንኳ «ለምን?» ሳትል አትቀርም ብለው ነው።

«ግቢ እንጂ እትዬ፤ በሩ እንደሆነ ክፍት ነው» አላት ረዳቷ። አናቱ የበሩን ጉበን ስለሚነካ «ቀጭኔ» የሚባል ፖሊስ ነው።

«ሲያገኙትም ክፍት ነበር?»

«እንደዚሁ ነበር። ማንም ምንም አልነካም። ሁሉንም ፎቶ አንስቻለሁ።»

በሩ ወደ ውስጥ ተከፍቷል። ተመልሶ እንዳይዘጋ ጡብ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ከውስጥ በኩል ተደግፎበታል። መርማሪዋ ድንጋዩን አየችው።

«ስትገባ እግርህን መታህ?»

«ኧረ አልመታኝም። ለምን?»

«ለምን የምለው እኔ ነኝ» አለችና ገባች።

ቤቱ «የመታደስ ቤት» ይባላል። ወንድን የሚወድ ወንድ በጸሎት፣ በጾምና በኑዛዜ ሊለወጥ ይችላል ብሎ የሚያስተምር አገልግሎት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ሻንጣ አስይዘው ያመጣሉ። ከግቢው ውጭ ስለዚህ ቤት ሁለት ሰው ተስማምቶ አያውቅም። አንዱ «ልጄን መለሰልኝ» ሲል ሌላው «ልጄን በቁሙ ቀበረብኝ» ይላል። ሰሞኑን መፈክር የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ከውስጥ ያሉት ደግሞ መዝሙር ከፍ አድርገው ከፈቱባቸው።

ለዚህ ሁሉ ክርክር የቤቱ መልስ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አሁን የሞተው ነው። «ምስክሩ» ይሉታል። ከእጮኛው ጋር የተነሳው ፎቶ በየግድግዳው ተለጥፏል። ነገ እሁድ በትልቅ ጉባኤ ላይ ስለ መለወጡ ሊመሰክር፣ ከዚያም ሊያገባ ነበር።

ወደ ቤቱ መሪ፣ ወደ መጋቢው ቢሮ ሲገቡ ቀጭኔ አንድ ነገር ጠልፎት በግንባሩ ሊደፋ ምንም አልቀረውም።

«እኔን! እኔን ልጄ!» አሉ የመጋቢው ባለቤት። የቀድሞ ነርስ ናቸው፤ ቤቱ በሙሉ «እናታችን» ይላቸዋል። ቀጭኔን የጠለፈውን ጥቁር ድንጋይ በእግራቸው ገፋ አድርገው ደፉ መሐል ላይ መለሱት። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። ወንዶቹ ሲረሱ እኔው አደርገዋለሁ።»

«ደግሞ መልሰው ያስቀምጡታል! ይህ ድንጋይ እግር ለመስበር ነው እንዴ?» አለ ቀጭኔ።

መጋቢው አልሳቁም። «ሥርዓታችን ነው። ሁለት ወንዶች አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ በሩ ይከፈታል፣ ድንጋዩም ደፉ ላይ ይቀመጣል። የሚያልፍ ሁሉ ይየው፤ የሚገባም ተራምዶት ይግባ። ለእኔም ቢሆን ይሠራል። ሰይጣን ማዕረግ አይጠይቅም።»

«ሰው ብቻውን ሲሆንስ?» አለች መርማሪዋ።

«ድንጋዩ ወደ ውስጥ ገብቶ ጥጉ ላይ ይቀመጣል፤ በሩም ይዘጋል።»

«እንግዳዋ ሴት ስትሆንስ?»

እናታችን ፈገግ አሉ። «የሚያሰጋን የሴት ነገር አይደለም። እጮኛው ስትመጣ በሩን እኛው እንዘጋላቸዋለን። እንዲላመዱ።»

ቀጭኔን ሳል አነቀው። መርማሪዋ ዞር ብላ እስኪያየው ድረስ ሳለ።

«ትናንት ማታስ?»

«ሁላችንም አዳራሽ ነበርን» አሉ እናታችን። «የአርብ መዝሙር ረጅም ነው። መሐል ላይ ፎጣ ላመጣ ስወጣ የምስክሩ በር ተዘግቶ ነበር። ብቻውን ነው፣ እየጸለየ ነው ብዬ አለፍኩ። ጾም ላይ ነበረ። ጠዋት ስመጣ ግን በሩ ክፍት፣ ድንጋዩም በሩ ላይ…»

መጋቢው ቀጠሉላቸው። «ስለዚህ በኋላ ወንድ ገብቷል ማለት ነው። ከአዳራሹ የቀረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ራሱም ለአለቃዎ በስልክ አምኗል። ለምን እንደሚደክሙ አላውቅም።»

«ደመወዜ ነው» አለች መርማሪዋ።

ያመነው ወጣት ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከአፉ ቃል ስለማይወጣ «ጭምት» ይሉታል። አባቱ ፊት ለፊቱ ቆመዋል፤ አውቶቡስ ጠጋኝ ናቸው፣ ከሥራ እንደወጡ ስለመጡ ጥፍራቸው ውስጥ የሞተር ዘይት አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ጭምት ገና ሳትጠይቀው።

«ዝም በል!» አሉ አባቱ። «እዚህ ያመጣሁህ ሰው እንድትሆን እንጂ ሰው እንድትገድል ነው? በአንዱ ውርደት ላይ ሌላ ትጨምርብኛለህ?»

«አባባ፣ ተወኝ።»

«ገደልኩ ካልክ፣ በምን ገደልከው?» አለች መርማሪዋ፣ ጎኑ ተቀምጣ።

ጭምት መሬት መሬት አየ። «በልቤ።»

«በልብ ሰው ይሞታል?»

«እዚህ ቤት በልብ ያደረጉት በእጅ እንዳደረጉት ነው የሚቆጠረው። በየማታው እሱን ነው የምንናዘዘው።» ወደ አባቱ ሳያይ ቀጠለ። «ከእራት በኋላ ክፍሉ ገባሁ። ‹እሁድ ሕዝብ ፊት ምንም አልተለወጥኩም እላለሁ፣ ከዚያ እሄዳለሁ› አለኝ። ጾሙንም ትቶታል። ‹እኔስ?› አልኩት። ‹አንተም ሂድ፤ እኔን አትጠብቅ› አለኝ። ያን ጊዜ… ከምትሄድስ ሙት አልኩ፣ በሆዴ። ይኸው ሞተ።»

አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ድንጋዩን የት አድርገኸው ነበር?»

«ደፉ ላይ ነዋ። ሌላ የት ይደረጋል?»

«ስትወጣስ?»

«እሱ ራሱ ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ዕቃ ላጥብ ወረድኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር የለኝም።»

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነበሩ። «አምኗል እኮ አንቺ ሴት! ምን ቀረሽ? ቀትር ሳይሆን አስረሽ አምጪልኝ።»

«እዚህ ቤት ሰው ያላደረገውን ሳይናዘዝ አይተኛም ጌታዬ። እስከ ቀትር ይስጡኝ፤ ካላገኘሁ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

ስልኩን ስትዘጋ አባትየው እያዩዋት ነበር። በዓይናቸው የሆነ ነገር ለመኗት።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ሟቹ የሞተው በብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ ስኳር በበዛበት ወተት ተበጥብጦ ነበር። በጾም ለደከመ ሰውነት ከሚችለው በላይ ነው። መርማሪዋ የእናታችንን የመድኃኒት ቁም ሣጥን ልታይ ሄደች። ቁልፍ የለውም።

«የእንቅልፍ መድኃኒት ለማን ለማን ይሰጣሉ?»

«እንቅልፍ ላጣ ሁሉ። እዚህ ቤት ማን ይተኛል ብለሽ ነው ልጄ? ለወንዶቹ አንዳንድ ፍሬ በእጄ አስውጣቸዋለሁ። ለሙሽሪት ግን ከነጠርሙሱ ሰጥቻታለሁ፤ የምትኖረው ውጭ ነው፣ ሠርግ የደረሰባት ልጅ ደግሞ…» እጃቸው ቁም ሣጥኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ሙሽሪት የሚሏት የሟቹ እጮኛ ልብስ ሰፊ ናት። መርማሪዋ ከሟቹ ክፍል ቀጥሎ ባለ ባዶ ክፍል አነጋገረቻት። እጅጌዋ ላይ ነጭ ክር ተጣብቋል፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋለች።

«ታፈንን» አለች መርማሪዋ ፊቷን በእጇ እያራገበች። «በሩን ክፈቺልኝ እስቲ እህቴ፤ እንዳይዘጋ ብቻ።»

ሙሽሪት ተነስታ በሩን ሳበች። ጥጉ ላይ የነበረውን ድንጋይ በጫማዋ ገፍታ ከውስጥ በኩል በሩ ላይ አስደገፈችው። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት። የሠርጉን ሱሪ ለክቼው ወጣሁ።»

«ትወጂው ነበር?»

«ጠበቅኩት። ጓደኞቼ ወልደው ሲያሳድጉ እኔ ጠበቅኩት።»

«የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

«እኔም የምመልሰው እሱን ነው።» ሙሽሪት ክሩን ከእጅጌዋ ነቀለች። «ድንጋዩ ነበር ተብሏል። ድንጋይ ካለ ወንድ ነበር ማለት ነው። እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ሥርዓቱን እንኳ በወሬ ነው የማውቀው።»

«ልክ ነሽ» አለች መርማሪዋ፣ በጣም ቀስ ብላ። «በወሬ ነው የምታውቂው።»

ቀትር ሊሆን ሲል ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹ ለነገው ጉባኤ ተደርድረዋል፤ ከመድረኩ በላይ ምስክሩና ሙሽሪት ከትልቅ ፎቶ ላይ ፈገግ ብለው ያያሉ። ጭምት ከአባቱ ጎን ተቀመጠ፤ መሐላቸው ግን አንድ ባዶ ወንበር አለ። ሙሽሪት ፎቶዋን ላለማየት አቀርቅራለች። መጋቢው ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ።

«አንድ ነገር ነው የምነግራችሁ» አለች መርማሪዋ። «ቀጭኔ፣ እዚህ ቤት ስንት ጊዜ ተደናቀፍክ?»

«ኧረ ተይኝ እትዬ፤ ጣቴ ቀልቷል። ቢሮው፣ ወጥ ቤቱ፣ መጸዳጃው ሳይቀር። ያልጠለፈኝ የሟቹ ክፍል ብቻ ነው።»

«ለምን?»

ቀጭኔ ካሜራውን አውጥቶ የጠዋቱን ፎቶ አየ። «ድንጋዩ… ደፉ ላይ አልነበረም። ከውስጥ ነው ያለው። በሩን ደግፎ።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ።

«እናታችን በር ተዘግቶ ሲያዩ ብቻውን ነው ብለው አለፉ» አለች መርማሪዋ። «በዚህ ቤት የተዘጋ በር ሁለት ወንድ የለም ማለት ነው እንጂ ሰው የለም ማለት አይደለም። ምስክሩ በሩን ዘግቶ የሚያስተናግደው እንግዳ ሴት ብቻ ናት። እናንተ አዳራሽ ሳላችሁ ተመልሳ መጣች፤ መድኃኒት የተበጠበጠበትን ወተት ሰጥታው ጠጣ፤ ኩባያዋንም ይዛ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን ወንድ የገባ እንዲመስል በሩን ከፈተች፣ ድንጋዩን አደረገች። የሳተችው እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ቤት ወንዶች ድንጋዩ ምልክት ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ደፉ ላይ ያስቀምጡታል። እናታችንም በቢሮው በር ላይ፣ ፊቴ፣ ልክ እንደዚያው አስቀመጡት። ድንጋዩን ሁልጊዜ ከውስጥ፣ ጥጉ ላይ ብቻ የምታየው አንዲት ሰው ናት። እሷ ስትመጣ በሩ ይዘጋል። ለእሷ ድንጋይ በር መደገፊያ ነው።»

ሁሉም ወደ ሙሽሪት ዞሩ።

«ቅድም አጠገቤ፣ ሳታስቢው፣ አሳየሽኝ። ቦርሳሽን ክፈቺው እህቴ።»

ሙሽሪት አልተከራከረችም። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ባዶ ነበር።

«እንዲተኛ ነበር» አለች። «እሁድ እስኪያልፍ ብቻ። ሱሪውን ስለካው ‹አትድከሚ፣ አላገባሽም› አለኝ። ሕዝብ ፊት እናገራለሁ አለኝ። እኔስ? የእኔ ፊት አይደለም እንዴ በየግድግዳው ያለው?» ወደ መጋቢው ዞረች። «‹ፍቅርሽ ይፈውሰዋል› ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እንደ መድኃኒት ሰጡኝ። ያልሠራ መድኃኒት ምን ይደረጋል መጋቢ? ይደፋል!»

መጋቢው መልስ ሊሰጡ ቀና አሉ። ባለቤታቸው ግን እጃቸውን ያዙ፤ ያዙ እንጂ አላጽናኗቸውም።

«እንዲተኛ ነበር ማለትሽን አምንሻለሁ» አለች መርማሪዋ። «ብርድ ልብሱን ያለበስሽው፣ ጫማውን ያወለቅሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ግን አተነፋፈሱ ተበላሸ። ነርስ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እየዘመሩ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብትጮሂ ይሰማሉ። አልጮህሽም። ድንጋዩን አነሳሽ። ወንድ ከተባለ፣ ዕቃ ሊያጥብ ከአዳራሹ የሚቀረው ጭምት እንደሚጠረጠር ታውቂ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጥፋተኛ ነህ ሲሉት አዎ ማለት ብቻ ነው የተማረው።»

ሙሽሪት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ቀጭኔ ክንዷን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በዝግታ አወጣት።

«ቤታችን ከዚህ ነገር ንጹሕ ነው» አሉ መጋቢው ለወንበሮቹ። «የአንዲት ሴት ድካም ነው። ነገ ጉባኤው…»

«ነገ ማን ይመሰክራል?» አሉ እናታችን። እናታችን ወደ መድረኩ ወጥተው የፎቶውን አንድ ጫፍ ነቀሉ፤ ፎቶው በሌላው ጫፍ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የጭምት አባት ባዶውን ወንበር አለፉና ልጃቸው ፊት ቆሙ። እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ጭምት ደነገጠ፣ ወደ በሩ አየ፤ በሩ ክፍት መሆኑን ሲያይ ትንሽ ረጋ አለ።

«ሻንጣህን አምጣ» አሉ አባቱ። «ወደ ቤት ነው።»

«አልተለወጥኩም እኮ፣ አባባ።»

አባትየው ጥፍራቸው ውስጥ ያለውን ዘይት በአውራ ጣታቸው ፋቁ። «ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሻንጣህን አምጣ።»

ጭምት ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ መርማሪዋ በሩ አጠገብ ቆማ አባትና ልጁን አሳለፈቻቸው። በአዳራሹ ደፍ ላይ ድንጋይ አልነበረም። ጭምት ግን ደፉ ጋ ሲደርስ እግሩን ከፍ አድርጎ አነሳና የሌለውን ድንጋይ ተራመደው።

«ምን ነበረ?» አሉ አባቱ መሬቱን እያዩ።

«ምንም» አለ ጭምት። ሻንጣውን በሌላው እጁ ያዘና ወጣ።