አልችልም ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ሹመት ሰውን ያስደስታል ይባላል። እኔን እንቅልፍ ነሳኝ። ደብዳቤው ማክሰኞ ከደረሰኝ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ፤ የታጠበውን መቀስ መልሼ አጥባለሁ፣ ሻይ ቀድቼ እረሳለሁ።

ኮሰበር ከተማ ሄጄ የአዋላጆች ኃላፊ እንድሆን ነው። ስምንት አዋላጆች! መልሱም እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈለጋል። እኔ ዋሂዳ፣ የዳንግላ ባለሱቅ ልጅ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ሠርቼ አገውኛ ያልተናገርኩ፣ ማንን ነው የምመራው?

አማርኛ የማታውቅ እናት ስትመጣ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሞ የሚያስተረጉምልኝ ሸዕባን ነው፣ የአምቡላንስ ሾፌራችን። እሱም የነጋዴ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር ገበያ ለገበያ ሲዞር ነው ቋንቋውን የለመደው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በዚያ በረጋ ድምፁ «መቼ ጀመረሽ?» ብሎ ሲጠይቅልኝ ሴትየዋ ትረጋጋለች። እኔም እረጋጋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከመልኩ በፊት የወደድኩት ድምፁን ነው። አንድም ቀን ግን ትንፍሽ አላልንም።

ሐሙስ ጠዋት «ለቦታው ብቁ አይደለሁም» ብዬ ጻፍኩና ሸዕባን መድኃኒት ሊያመጣ ወደ ኮሰበር ሲነሳ ሰጠሁት።

«ምንድን ነው?»

«እምቢታዬ። ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ስጥልኝ።»

አየኝ። ጠበቅኩ። ለምን ይበለኝ፣ ይቆጣኝ፣ ተይ ይበለኝ!

«እሺ» አለና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እሺ! በቃ? አምቡላንሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ ተናደድኩ። የሰጠሁት ተይ እንዲለኝ ነበር እንጂ!

ስድስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ውዴ ምራታቸውን ሸጋን ደግፈው ደረሱ። ምጡ ገፍቷል፤ ሁለቱም አማርኛ አያውቁም። የሚያስተረጉም ሰው ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። ለመፍራት እንኳ ጊዜ አልነበረም። እጄ ሥራውን ያውቃል፤ አፌም አብሮ ሠራ። ተንፍሺ፣ ቆይ አትግፊ፣ በርቺ አሁን ግፊ! ሕፃኗ አልቅሳ እናቷ ደረት ላይ እስክትተኛ በምን ቋንቋ እንደተናገርኩ አላስተዋልኩም።

ወይዘሮ ውዴ ግን በሳቅ ፈረሱ።

«ልጄ፣ አነጋገርሽ የገበያ ሰው ነው። ቁርጥ ያ ሾፌር! በሬ ላይ የሚከራከር ነጋዴ ትመስያለሽ።»

ያሉኝ በአገውኛ ነበር፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ሦስት ዓመት ሙሉ እሱን ብቻ ስሰማ፣ ሳላውቀው አገውኛውን ከነአነጋገሩ ይዤ ኖሬአለሁ።

ደብዳቤውን እንዳይሰጥ ልነግረው ስልኬን አነሳሁ፤ ኔትወርክ የለም። ከበሩ እስከ መንገዱ ስመላለስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምቡላንሱ መጣ።

«ሰጠህልኝ?»

«አልሰጠሁም።»

«ማን ፈቀደልህ? ደብዳቤው የኔ አይደል?»

«ያንቺ ነው፤ ይኸው።» ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። «ጠዋት ስቀበልሽ ደስ አለኝ ዋሂዳ። ትቀሪልኛለሽ ብዬ። መንገዱን ሙሉ ደስ እያለኝ ነዳሁ። የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ግን አፈርኩ። አንቺ ስትፈሪ እኔ ደስ ይበለኝ? ልሰጠው አልቻልኩም። ከፈለግሽ ራስሽ ስጪ።»

ልቆጣ ፈለግኩ፤ ቁጣው አልመጣ አለኝ።

«ትቀሪልኛለሽ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ሦስት ዓመት የት ነበርክ?»

«ያንቺን ሳስተረጉም የራሴን ሳልናገር ቀረሁ።»

ደብዳቤውን ቀደድኩት። ሸጋን ከሰዓት ለገባችው ነርስ አደራ ሰጠሁ፤ እሱም ቁልፉን ለተረኛው ሾፌር አስረከበ። አምቡላንስ ለወላድ እንጂ ለእኔ አይነሳም። እስከ አስፋልቱ በእግር ሮጥን፣ ሚኒባስ ያዝን፣ ከመናኸሪያው ባጃጅ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ «ተቀብያለሁ» ብዬ ፈረምኩ።

ውጭ ይጠብቀኝ ነበር። «ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩ። አሁን ተራው ያንተ ነው። አባቴ ዳንግላ፣ ሱቃቸው ውስጥ ናቸው።»

ሰኞ ጠዋት ስምንት አዋላጆች ፊት ቆምኩ። ግማሾቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። እጄን የማስቀምጥበት ጠፋኝ። «እንግዲህ እኔ...» ብዬ ስጀምር ስልኬ ጠራ። አባቴ በሥራ ሰዓት አይደውሉም፤ ደንግጬ አነሳሁት።

«ዋሂዳ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ ገብተው አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። ሸዕባን ለሚባል ልጅ ነው አሉ። ምን ልበላቸው?»

ስምንቱም ያዩኛል። መውጣት ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለ።

«እሺ በሏቸው፣ አባዬ።»

በዕድሜ ትልቋ አዋላጅ ምሥራቅ እልልታዋን ለቀቀችው። ሌሎቹ ተከተሏት።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት? የት ነሽ አንቺ?» አሉኝ አባቴ።

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው።