ከዘጠኝ ሰዓት የመጣ ደብዳቤ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ በአይሱዙ ጭነት ላይ ቆሜ ልሂድ፤ መንገዱን የሚያውቅ መሐላዬን ያምናል።

በ2001 ዓ.ም.፣ በሰኔ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ፕሮግራም ሠሪው ይርዳው መካነ ሰላም ውስጥ በኮምፒውተር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የሻይ ብርጭቆው የተባይ መርዝ ይሸታል። ኮምፒውተሩ ላይ «ኑሮ ሰልችቶኛል፤ በማንም አትፍረዱ» የሚል ደብዳቤ ተከፍቷል።

ሟቹን የሚወድ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ካርዶች በሦስት ረድፍ ሰክቶ «ሊሠራ»፣ «በመሠራት ላይ»፣ «ያለቀ» ብሎ ከፍሏቸዋል፤ አንዷን ካለ ቦታዋ የሰካ ሰው ላይ ሲጮህ ገበያ ድረስ ይሰማል። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ የጻፈ ደንበኛ ካገኘ «ቁልፍህን ለሌባ አበድር» ብሎ ያባርራል። ሥራ ሲፈታ ደግሞ የሳይንስ ተረቱን ያመጣል፦ መቅደላ አምባ ላይ የተተከለ ማሽን የነገን ደብዳቤ ዛሬ ያደርሳል እያለ።

ለሌላ ጉዳይ ከኩታበር የመጣችው ኢንስፔክተር ፋጢማ ስትደርስ፣ ፖሊሱ በላይ የጸሐፊዋን የየሻለምን እጅ በካቴና አስሮ ጨርሷል።

«አልቋል ኢንስፔክተር። ሻዩን የቀዳችው እሷ፣ ፓስወርዱን የምታውቀው እሷ። ደብዳቤውንም እሷው ናት የጻፈችለት። በስምንት ሰዓቱ መኪና ወደ ደሴ እሰዳታለሁ።»

«ሌላ የሚያውቅ የለም?»

«ጥላሁን ያውቃል። ግን ሳምንቱን እዚህ አልረገጠም።»

ጥላሁን ከጅዳ ተመልሶ ልጃገረዶችን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው። ይርዳው የሠራለት ፕሮግራም በዚሁ ማሽን ላይ ተጓዦቹን ይመዘግባል፤ ፓስወርዱን የሚያውቀውም ለዚህ ነው።

«ይርዳውን ትጠይው ነበር?» አለቻት ፋጢማ የሻለምን።

«አዎ። የአሥራ አምስት ዓመት እህቴ ሃያ ሁለት ተብላ ተመዝግባ ዓርብ ተላከች። ትናንት ፊት ለፊት ሰደብኩት።»

«ምን መለሰ?»

«‹ዕድሜውን የቀየረው ጥላሁን ነው፤ ማሽኑ ይዞታል፤ ነገ ለወረዳ አቀርባለሁ› አለ። አላመንኩትም። ዛሬ መብራት ስላልነበረ ሻዩን ቀድቼለት ወረቀት ልገዛ ወጣሁ።»

«መብራቱ ስንት ሰዓት መጣ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

ፋጢማ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። ይርዳው «ምስጢር ማሽን ውስጥ አያድርም» እያለ ፍላሹን ማተቡ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ማተቡ አለ፤ ፍላሹ የለም። ቀና ብላ ደብዳቤው የተቀመጠበትን ሰዓት አየች፣ የማሽኑንም ሰዓት አየች፣ ከዚያ ማንም እንዳያየው የአቧራ ጨርቁን ስክሪኑ ላይ ጣለችበት።

ጎረቤቱ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ተጠሩ።

«እርስዎስ መሪጌታ?»

«እኔማ ተረቱን ጠላሁት። ነገን የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው ብዬ ብነግረው፣ ‹ድጓዎን አይጥ ሳይበላብዎ ኮፒ ያድርጉት› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም።»

በመጨረሻ ጥላሁን ቀኝ እግሩን እያነከሰ ገባ። «አዲስ ጫማ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ፋጢማ ለአራቱም ባዶ ካርድ አደለች። «አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ በቁጥር ጻፉልኝ።»

የሻለምና በላይ 7:05 ጻፉ። መሪጌታ ፀሐይዋን በበሩ አይተው ፯ ብለው ተዉት። ጥላሁን የእጅ ሰዓቱን አይቶ 1:05 ጻፈ።

«የዚህ ማሽን ባትሪ ሞቷል» አለች ፋጢማ። «መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋዋል፤ ሲነሣ ሰው ይሞላለታል። ይርዳው እንዴት ነበር የሚሞላው?»

«በሐበሻ ሰዓት» አለች የሻለም። «እኔም እንደዚያው። ‹ማሽኑ ይገዛልኝ እንጂ አልገዛለትም› ይል ነበር።»

«ደብዳቤው የተቀመጠው 9:20 ላይ ነው ይላል። በይርዳው አቆጣጠር ከሆነ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል፤ ከቀትር በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ መሆኑ ነው።»

መሪጌታ አማተቡ። «ተረቱ እውነት ነበር?»

«አይደለም አባቴ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያን ዘጠኝ ከሃያ የሚል ሰው ነው የሞላው። ይርዳው ሲሞት መብራት አልነበረም፤ በሕይወት ቢኖር ሰዓቱን ራሱ በሐበሻ ይሞላው ነበር። ገዳዩ መብራት እስኪመጣ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ከዚያ ማሽኑን ቀሰቀሰ። ፓስወርዱን የምታውቁት ደግሞ ሁለት ናችሁ።»

ጥላሁን ሳቀ። «የጅዳ ልማድ ነው። ሰው በሰዓቱ ይታሠራል እንዴ?»

«በሰዓቱ ብቻ አይታሠርም። በላይ፣ የቀኝ እግሩን ካልሲ ፈትሽ።»

ፍላሹ ከተረከዙ ሥር ወጣ። የተጓዦቹ ስምና የአሠሪዎቻቸው አድራሻ ሁሉ እሱ ላይ ስለነበረ ሊሰብረው ሳስቶ ነበር።

በላይ ካቴናውን ከየሻለም እጅ ፈትቶ ጥላሁን ላይ አጠለቀው። ጥላሁን ወደሷ ዞረ።

«አሳሥሪኝ። እህትሽ ማን ቤት እንደገባች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ፋጢማ ፍላሹን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «ይህም ያውቃል።»

ከዚያ «የልጆቹን ዕድሜ ለወረዳ ማቅረብ» የምትለውን የይርዳውን የመጨረሻ ካርድ ነቅላ «ያለቀ» ረድፍ ላይ ሰካችው።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ አይሱዙውን ፈርቼ ልናዘዝ። ካርዷን ያዛወራት የለም። ፋጢማ ልትነቅላት ስትል የሻለም እጇን ያዘቻት፦ «እህቴ ሳትመጣ ማንም እንዳይነካት።» እስካሁን «በመሠራት ላይ» እንደተሰካች ናት።