የቡሎን ክንድ

ሟቹ በማጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሶ ደሙ በሴራሚኩ መጋጠሚያዎች ውስጥ እንደ ቀይ ክር ተዘርግቷል። የግራ እጅጌው እስከ ትከሻው ተጠቅልሏል፤ ክንዱ በራሱ ቀበቶ ታስሯል፤ በክርኑ መታጠፊያ ላይ ሲሪንጅ ተሰክቷል። ከራሱ በላይ ያለው የእጅ ማጠቢያ በቀላ ውሃ ጢም ብሎ ሞልቷል።

«ያው ነው» አለ ሳጅኑ። «ተወጋ፣ አዞረው፣ ሲወድቅ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተፈጠፈጠ። ሱሰኛ መቼ ይድናል?»

ሟቹ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት መርፌ ሲወጋ ኖሮ ስድስት ዓመት ነጽቷል፤ ይህን የተሀድሶ ቤትም የከፈተው እሱ ነው። የላላውን ሁሉ ስለሚያጠብቅ «ቡሎን» ይሉታል። በየማለዳው አሥራ ስምንት ሰዎች እዚህ መጥተው የሱስ ማስታገሻ መድኃኒታቸውን ይጠጣሉ። በከተማው ሌላ የሚሰጣቸው ቤት የለም። ጎረቤቱ ግን «ቆሻሻ ሰፈራችን አይግባ» ብሎ ፈርሟል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚጠብቀው አንድ ሰበብ ብቻ ነበር፤ የጠዋቱን ወሬ እንደሰማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱን እንደሚያሽግ አስታወቀ።

መርማሪዋ ተንበረከከች። ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ሊሰማት ሲል ይጠጋታል፤ ሲጠጋት ደግሞ ታየዋለች። የሟቹን ፀጉር በጣቷ ከፈለችው።

«ሳጅን፣ ሰው ተንሸራቶ ስንት ጊዜ ይወድቃል?»

«አንዴ ነዋ።»

«እዚህ ሁለት ስንጥቅ አለ። ተነሥቶ እንደገና የወደቀ ሬሳ አጋጥሞህ ያውቃል?»

ከማጠቢያው ሥር አንድ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ነበር። ብረቱ ተጠርጓል፤ ጥርሶቹ መሀል ግን ሁለት ፀጉር ቀርቷል።

«መርፌው የገባበትም አልደማም፣ አልጠቆረም» አለች። «የተወጋው ከሞተ በኋላ ነው።»

ሽማግሌው ዘበኛ በር ላይ ቆሟል። «አባባ፣ ከንጋት ጀምሮ ማን ገባ?»

«ታላቅ ወንድሙ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ሲስተር አንድ ሰዓት ላይ ገባች፤ ወዲያው ስትጮህ ሰማሁ። ደግሞ ያ ባለፈው ሳምንት የዛተበት፣ ምላጭ የሚሉት በአጥር ዘሎ ጓሮ ተገኘ። ሌላ ዝንብም አልገባ፣ ልጄ።»

ከጓሮ የጥፊ ድምፅ ተሰማ። ቀድሞ የወጣው ሳጅን፣ ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለበትን ሰውዬ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይደበድበዋል። ሰውዬው ከደም ጋር አንድ ጥርስ ተፋ።

«ልቀቀው» አለች መርማሪዋ። «ምላጭ፣ ባለፈው ሳምንት ‹ጭንቅላትህን እፈልጠዋለሁ› ብለህ ዝተህበታል?»

«ዝቻለሁ። እናቴንም እንዲሁ እላታለሁ፤ ይኸው እሷ አለች፣ እኔ ነኝ ያለቅሁት።»

«ለምን በአጥር ዘለልክ?»

«ተሳድቤ ጥዬ ወጣሁ። መድኃኒት ከጠጣሁ ሦስት ቀኔ ነው፤ አጥንቴ እንደ በርበሬ ይወቀጣል። ይቅርታ ልጠይቀው መጣሁ፤ በበሩ መግባት ግን አፈርኩ።»

እጆቹ ይንዘፈዘፋሉ። በዚህ እጅ መርፌ ቀርቶ ቁልፍም ቀዳዳው ውስጥ አይገባም ብላ አሰበች መርማሪዋ።

ነርሷ እያለቀሰች ብልቃጥ ትደረድራለች።

«ሲስተር፣ ማጠቢያው ከመቼ ጀምሮ ነው የተደፈነው?»

«ኧረ አልተደፈነም! ትናንት ራሱ ፈትቶ ጠረገው። የፈለገው ቤት ይደፈናል እንጂ ቡሎን ያለበት?»

«ለምርመራ ደም የምትወስጂላቸው መቼ ነው?»

«ሰኞ ሰኞ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ሁሉም እያዩ። አዲሶቹ እንዳያፍሩ እሱ ይጀምራል። እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ እየቀለደ...» እንባዋ አቋረጣት። «ዛሬም ሰኞ ነው እኮ።»

ወንድምየው ሕንፃ ተቋራጭ ነው። መርዶውን ሰምቶ ተመልሷል፤ ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ተቀምጧል።

«አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለ። «የልጄን ሠርግ ጥሪ ሰጥቼው ስወጣ ደህና ነበር። ምን ላድርግ፣ ውሻ ወደ ትፋቱ ነው።»

«ዛሬ ማታ በቴሌቪዥን ፊቱን ሳይሸፍን ስለ ሱሱ ሊናገር እንደነበር ያውቃሉ?»

«ሰምቻለሁ። መብቱ ነው።»

ሲነሣ የደረት ኪሱን ዳበሰ፤ ምንም አላገኘም። በሩን በክርኑ ገፍቶ ወጣ።

«ዛሬ መሐረቡን ረስቷል» አለች ነርሷ በምሬት። «ያለ መሐረብ የዚህን ቤት እጀታ ነክቶ አያውቅም። ወንድሙንም ጨብጦ አያውቅም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ማሸጊያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያያል። ሕመምተኞቹ ግድግዳውን ታከው ቆመዋል። መፍቻው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች መርማሪዋ። «ሲስተር፣ የቡሎንን ደም ከየት ነበር የምትወስጂው?»

«ከእግሩ።»

«አባባ?»

«ከእግሩ ነዋ። በየሰኞው አያለሁ።»

«ምላጭ?»

«የክንዱ ደም ሥርማ ድሮ ነው የሞተው! ‹ክንዴ ውሃ የተቋረጠበት መስመር ነው፤ በእግሬ በኩል ሞክሩ› ይለን ነበር።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ ወዲያው አፈሩ። መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«እርስዎስ ከየት ይመስልዎታል?»

«ከክንዱ ነዋ፤ እንደ ማንኛውም ሰው።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ወንድምየው ዙሪያውን አየ፤ ምን እንዳጠፋ ገና አልገባውም።

«ይህን ቤት የሚያውቅ ሰው፣ ቡሎን አገረሸበት ለማስባል እግሩን ነበር የሚወጋው» አለች። «ከንጋት ወዲህ ከገቡት ውስጥ ክንዱን አይቶ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስድስት ዓመት አጠገቡ ለመቀመጥ የተጸየፈ።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ሳጅን፣ አምጣው።»

ሳጅኑ ከማጠቢያው ሥር ከተፈታው ቧንቧ የወጣውን ነገር በባልዲ አቀረበ። በደም የጠቆረ መሐረብ ነው፤ ጥጉ ላይ የወንድምየው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተጠልፈዋል።

«መፍቻውንና እጅዎን ጠረጉበት። ደሙን ግን ኪስዎ ውስጥ ሊከቱት ተጸየፉ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ትናንት የጠረገው ቀዳዳ ውስጥ ወተፉት። የሠርግ ጥሪም አላመጡም፤ በኪሱም በቤቱም የለም። ያመጡት ሲሪንጅ ነው። ስለዚህ ድንገተኛ ንዴት ነበር እንዳይሉኝ።»

የወንድምየው ፊት አመድ መሰለ።

«ሞቶ ቢያዋርደኝ አንድ ቀን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ቆሞ ሲለፈልፍ ግን ዕድሜ ልኬን! ልጄን ማን ያገባታል?»

መፍቻውን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቆ ወደ መርማሪዋ ራስ ሰነዘረ። ምላጭ መሀል ገብቶ ቀኝ ክንዱን ጋረደ። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ሳጅኑ ወንድምየውን አንገቱን ይዞ ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው፤ ግንባሩ ሴራሚኩን ሲመታ ደም ረጨ። ካቴናው ከገባ በኋላ እንኳ እግሩ ይራገጥ ነበር።

መርማሪዋ ትንፋሿን ሰብስባ ወረቀቷ ላይ ጻፈችና ለጽሕፈት ቤቱ ሰው ሰጠችው። ጮክ ብሎ አነበበው፦ «የሞቱ ምክንያት፦ በብረት ሁለት ጊዜ ተመትቶ መገደል። አላገረሸበትም።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ሆኗል። ማሸጊያውን ቦርሳው ውስጥ ከቶ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ።

ነርሷ የምላጭን ክንድ በጣውላ አስራ «አሁኑኑ ሆስፒታል!» አለችው።

«መጀመሪያ መድኃኒቴን» አላት። ጠጣ። ከዚያ አዲስ የመጡትን ሁለት ልጃገረዶች አየ፤ ግድግዳው ጥግ እጅጌያቸውን እስከ ጣታቸው ጎትተው ቆመዋል።

ወንበሩን በእግሩ ሳበና መሀል አዳራሹ ላይ ተቀመጠ። የግራ እጅጌውን በጥርሱ ይዞ ወደ ላይ ጎተተ፤ ጠባሳው ሁሉ ታየ።

«ሰኞ አይደል? ነይ ሲስተር» አለ። «ዛሬ እኔ ልጀምር።»