ሦስተኛው መስመር ላይ የቆመው ጣት

ሟቹ የተገኘው በቀለም ፋብሪካው ትልቁ ታንክ ውስጥ ነበር፤ መጥረጊያውን እንደያዘ በጎኑ ተኝቷል። ሐኪሙ «ጋዝ ነው» ብሎ ጓንቱን አወለቀ። መርማሪዋ ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ ጉልበቷን ይዛ ስትነሳ የደከማት እግሯ ብቻ አልነበረም።

«ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ነበር» አሏት የፈረቃው ኃላፊ፣ የደህንነት ሠራተኛዋና ጸሐፊው። ወረቀቱ ያለፈው በእነሱ እጅ ብቻ ነው።

ታንኩ አጠገብ ቆማ አነበበችው፦

«የምርት ሂደቱን ቀጣይነት ከማረጋገጥና የንብረት አያያዝን ከማሻሻል አኳያ በየደረጃው የሚከናወኑ የጽዳት ተግባራት በወጣላቸው መርሐ ግብር መሠረት ተፈጻሚ እንዲሆኑ እየተደረገ፣ አየር የማናፈሱ ሥራ ለሁለት ቀናት ተከናውኖ መጠናቀቁ እስኪረጋገጥ ድረስ ወደ ታንኩ የመግባት ተግባር እንዳይፈጸም፣ የመሣሪያዎችን አጠቃቀም በተመለከተም ክትትል እንዲደረግ ተወስኗል።»

ሁለቴ አንብባ አልገባትም። በሦስተኛው ደረሰችበት፤ ክልከላው አራተኛው መስመር ላይ ተሸጉጧል። በሰማያዊ ቀለም የተነከረ ጣት ዱካ ከመጀመሪያው መስመር ሥር ተነስቶ ሦስተኛው መሐል ላይ ቆሟል።

የሟቹ ታላቅ ወንድም በሩን ተደግፈው ቆመዋል። «ወንድሜ ማንበብ ያውቃል፣ ልጄ» አሏት። «በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነብ። ሳይገባው ሲቀር ግን መጠየቅ ያፍራል።»

የደህንነት ሠራተኛዋ ዓይኗ አብጧል። «እኔ የጻፍኩት ‹ጋዝ አለ፤ ሁለት ቀን አትግቡ› የሚል ነበር። እንዲተየብ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ሰጠቻት። «መግባት የሚከለክለው የቱ ጋ ነው?»

ሴትዮዋ ከላይ ጀመረች፤ መሐል ላይ ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች።

ጸሐፊው ትከሻውን ሰበቀ። «ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁትን በእጅ የተጻፈ ወረቀት እንዳለ ተየብኩ፤ ረቂቁንም ጣልኩት። የማን ጽሑፍ እንደሆነ ልብ አላልኩም።» እሱም ሲጠየቅ፣ የገዛ እጁ የተየበውን መስመር ፈልጎ አጣው።

የፈረቃው ኃላፊ ሳቀ። «እኔ የማውቀው ማሽን ነው እንጂ ወረቀት አይደለም። አንብቤውም አላውቅ።»

«መግባት የሚከለክለው የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው!» አለ ጣቱን አራተኛው መስመር ላይ ጣል አድርጎ። «ግልጽ እኮ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ አንብቧል» አለች በዝግታ። «ጣቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ደክሞት ቆመ። ጸሐፊው የተየበውን አያስታውስም፤ ሴትዮዋም የራሷ ያልሆነ ጽሑፍ ውስጥ ጠፋች። እኔም ሦስቴ ለፋሁ። እርስዎ ግን አንብቤው አላውቅም ባሉት ወረቀት ላይ፣ ሳያነቡ ቦታውን አገኙት። የተቀበረን ነገር ሳይቆፍር የሚያገኝ የቀበረው ብቻ ነው።»

ወደ ፈረቃው ኃላፊ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ታንኩ ሁለት ቀን ቢዘጋ ምርቱ ይቆማል። የእሷን ረቂቅ ቀድደው ቢጥሉት ይጠየቃሉ። ስለዚህ ረቂቁን አነሱና ክልከላውን ማንም በማይደርስበት ቦታ ሸጉጠው፣ የራስዎን ወረቀት ተኩበት። ከዚያ ሰውየውን ታንኩን አጽዳ አሉት።»

«ተጽፏል እኮ!» ብሎ ጮኸ ኃላፊው። «አንድም ቃል አላስቀረሁም! ቢያነብ ኖሮ...» አፉን ያዘ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ሽማግሌው ቀረቡ። «ልጄ፣ ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

እጇ በልማዱ «በተከሰተው አደጋ የአንድ ሰው ሕይወት ሊያልፍ መቻሉ» ብሎ ጀምሮ ነበር። አነበበችውና አፈረች። ቀደደችው። በአዲስ ወረቀት ጽፋ ዘረጋችላቸው፦

«ታንኩ ጋዝ ነበረው። የፈረቃው ኃላፊ ያውቅ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ደበቀና ሰውየውን አስገባው። ሰውየው ሞተ።»

ሽማግሌው አንድ ጊዜ አነበቡት።

«ገባኝ» አሉ።