ሳፋው ውስጥ ያለችው ከተማ

«አሁንም አልሰመጠችም!» ሰልዋ ማንቆርቆሪያውን ደጃፋቸው አስፋልት ላይ አስቀመጠችው።

የእሷና የጓደኛዋ የሉሊት አሥረኛ ሙከራ ነበር። በእናቷ በነዚፋ ትልቅ ሳፋ ውስጥ፣ ግማሹን በጭቃ ከፍ አድርገው ከተማ ሠርተውበታል፤ ዝቅ ያለው ግማሹ ባሕር ነው። ቤቶቹ የጁስ ካርቶኖች ናቸው። ከከተማዋ ሥር የተቀበሩት ስትሮዎች ደግሞ የዝናቡን ውሃ ወደ ባሕሩ የሚያወርዱ ቦዮች ናቸው። ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ ዝናብ እንደ ሙምባይ ያሉ የባሕር ዳር ከተሞችን እንዴት እንደሚያጥለቀልቅ ለማሳየት ሦስት ሳምንት ለፍተዋል። ሰልዋ የቱንም ያህል ብታንቆረቁር ግን ውሃው በስትሮዎቹ ሹልክ ብሎ ባሕር ይገባል። ይህ ያናድዳል፤ በጣም ያናድዳል!

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ሊጀመር ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። አሸናፊዎቹ ለሚቀጥለው ውድድር ሳቫና ከተማ ይሄዳሉ፤ እዚያ ደግሞ ባሕር አለ። ሰልዋ አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላት አንድም ቀን ባሕር አይታ አታውቅም።

«ሪላክስ» አለች ሉሊት። «የፕሮጀክታችን ቦርድ ላይ ‹አሥር ጊዜ ሞከርን፣ አሥሩንም ጊዜ ሰመጠች› ብዬ ፕሪንት አድርጌ ለጥፌያለሁ።»

«ምን? አንዴም አልሰመጠችም እኮ!»

«ሶ? ማን ቼክ ያደርጋል?»

በዚህ መሃል የሰልዋ አባት ሸረፈዲን መጣ። ኮሌጅ ፓርክ ካለው ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስበትን መኪና አጥቦ ጨርሶ ነበር። የባልዲውን እጣቢ የት እንደሚደፋ ሲፈልግ ሳፋው ታየው። በእሱ ቤት እጣቢ የሚደፋው ሳፋ ላይ ነው፤ ቸለሰው።

«አባ፣ ተው! ባሕራችን ነው!»

«የምን ባሕር? የእናትሽ ሳፋ አይደል እንዴ?»

ባሕሩ አረፋ በአረፋ ሆኖ ሞላ፤ የስትሮዎቹን አፍ ሸፈነው። ሰልዋ በንዴት ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረውን ውሃ ከተማዋ ላይ ለቀቀችው።

ውሃው አልወረደም። መንገዶቹ ላይ ተኛ፣ ከፍ ከፍ አለ፣ ከዚያ አንደኛው የጁስ ካርቶን ተነሥቶ ተንሳፈፈ።

«ሰመጠች! ወላሂ ሰመጠች!» ሰልዋ ዘለለች። «ሉሊት፣ ገባኝ! የሞቀው ባሕር ነፋሱን እርጥበት ያሸክመዋል፤ ዝቅተኛው የአየር ግፊት ደመናውን ከተማዋ ላይ ይሰበስበዋል። ይሄን ሁሉ አንብበናል፤ የረሳነው ባሕሩን ነው! ያ ዝናብ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ከወረደ ቦዩ ይታፈናል። ውሃው መሄጃ የለውማ!»

«እኔ ነኝ በሉኛ ያሰመጥኳት!» አለ ሸረፈዲን ባልዲውን እንዳንጠለጠለ።

ሉሊት ሰልዋን አቀፈቻት። «አየሽ? ቦርዱም እውነት ሆነ!»

ሰልዋ አብራት ሳቀች። መኪና ውስጥ ግን ቦርዱ ጭኗ ላይ ነበርና ያቺ ዓረፍተ ነገር መንገዱን ሙሉ ዓይን ዓይኗን ስታያት ነበር።

በሮዝዌል የትምህርት ቤታቸው ጂም በሰው ተሞልቶ ይጮኻል። ባሕሩን ሞልተው ጠበቁ። ዳኛው፣ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ፣ ጠረጴዛቸው ጋ ሲደርሱ ሰልዋ ዝናቡን አወረደችው። ከተማዋ ሰመጠች፤ የከበባቸው ሁሉ አጨበጨበ።

ዳኛው ቦርዱን አነበቡ። «አሥሩንም ጊዜ እንዲህ ሆነ?»

ሉሊት የሰልዋን እግር በጠረጴዛው ሥር ረገጠቻት። «የስ» ማለት ብቻ ነው፤ ከዚያ ሳቫና፣ ከዚያ ባሕር። ሰልዋ የሰመጠችውን ከተማ አየቻት። ከዚያ የፕላስቲክ ኩባያ አነሣችና ባሕሩን መጭለፍ ጀመረች።

«ምን እየሆንሽ ነው?» አለቻት ሉሊት በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

ባሕሩ ሲጎድል ስትሮዎቹ ተንፎለፎሉ፤ መንገዶቹም ብቅ አሉ።

«አይ፣ አሥር ጊዜ ሞክረን አንዴም አልሰመጠችም» አለች ሰልዋ ለዳኛው። «ቦርዱ ላይ ያለው ልክ አይደለም። የሰመጠችው ዛሬ ጠዋት በአሥራ አንደኛው ነው፣ በአባቴ ስሕተት። መጀመሪያ ለምን እንዳልሰመጠች ላሳይዎት?»

ዳኛው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰልዋ ማንቆርቆሪያውን ብታነሣው ባዶ ነው።

ሉሊት ፊቷ ቀልቷል። ለአፍታ ቦርዱን አየች፣ ሰልዋን አየች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወሰደችና ውሃ ልትሞላ ወደ ቧንቧው ሮጠች።